አንድ ቃል ስንት ያወጣል?
ስለ ታሪክና ስለ ቋንቋ ትምህርት ጥቅም

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙም በዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። በዚህች ከተማ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነጋዴዎች ከዩጋንዳና ከኬንያ ከመጡት ጋር ጎን ለጎን ሆነው ሆቴልና ሱቅ ከፍተው ይሠራሉ። ልጁን ዩኒቬርሲቲ ለማስገባት ገንዘብ የሚቆጥብ ነጋዴ በየትም አገር ቢሆን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ «ሕክምና ወይም ምሕንድስና ቢማር እንጀራ ያገኛል፤ ታሪክና ቋንቋ ቢማር ግን ምን ይረባዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም በዚያው አገር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጁባ ዩኒቬርሲቲ የሰላም ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ተዋጊዎች በ1972 በአዲስ አበባ ከታረቁ በኋላ በ1975 እንዲቋቋም ታወጀ፤ በ1977ም ትምህርት ጀመረ። ስምምነቱ በ1983 ፈርሶ ጦርነት ሲነሣ ግን ትምህርት ቤቱም ዕረፍት አላገኘም፤ በ1989 ወደ ካርቱም ተሰደደ፤ ወደ ጁባ የተመለሰውም ከ2005ቱ የሰላም ውል በኋላ ነው።

የታሪክና የቋንቋ ዕውቀት ዋጋም በዚሁ ውል ላይ ጎልቶ ታየ። በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለችውን፥ ነዳጅ ዘይት ያለባትን የአቢዬን ወሰን የሚወስን አንድ ጉባኤ ተቋቋመ። ከአምስቱ ሊቃውንት መካከል የታሪክ ጸሐፊው ዳግላስ ጆንሰን፥ ኬንያዊው የታሪክ ሊቅ ጎድፍሬይ ሙሪዩኪና የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ መምህር የነበሩት ካሳሁን ብርሃኑ ይገኙበት ነበር። ሥራቸውም በ1905 ወደ ኮርዶፋን የተዛወሩትን የዘጠኙን የንጎክ ዲንካ ጎሣዎች አገር መወሰን ነበር። ጉባኤው የሽማግሌዎችን ቃል ሰማ፤ የቅኝ አስተዳዳሪዎችንም ጥንታዊ መዝገብ መረመረ።

ከዚህ በኋላ ጠቡ ወደ ሰዋስው ዞረ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «የተዛወረ» የሚለው ቃል የሚገልጸው አገሩን ነው ወይስ ጎሣዎቹን? አገሩን ከሆነ፥ የሚቆጠረው በዚያ ዓመት የተዛወረው መሬት ብቻ ነው፤ ጎሣዎቹን ከሆነ ግን እነርሱ በ1905 ይኖሩበት የነበረው ምድር ሁሉ ይገባል። ነገሩ ሄግ ወደሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹም በሐምሌ 2009 በሰጡት ፍርድ፥ ቃሉ ጎሣዎቹን ይገልጻል የሚለውን የሊቃውንቱን ንባብ ተገቢ ነው ብለው ተቀበሉ፤ ወሰኑን ግን አጠበቡት፤ የሄግሊግ የነዳጅ ጕድጓዶችም ከአቢዬ ውጭ ሆኑ። መሐንዲስ ድንበሩን በትክክል ሊለካ ይችላል፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚለካ የሚነግረው ግን መዝገቡን ያነበበና ቃሉን የመረመረ ሰው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1889 በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው ለዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድን ሲሰጥ፥ ጣልያንኛው ግዴታን ያመለክት ነበር። ከዚያ ልዩነት የመጣው ጠብ በ1896 ዓድዋ ላይ በደም ተዳኘ። ሁለቱን ቋንቋዎች አስተያይቶ የሚያነብ አንድ ታማኝ ሰው በጊዜው ምን ያህል ወርቅ ያወጣ ነበር!

ዕውቀት ብቻውን ሰላምን ያመጣል ማለት ግን አይደለም። በ2011 ሊደረግ የታሰበው የአቢዬ ሕዝበ ውሳኔ በወቅቱ ሳይደረግ ቀርቷል። ደግሞም አንድ አዲስ አገር ሐኪምና መንገድ ሠሪ አያስፈልገው የሚል የለም። ኢትዮጵያም ከ2008 ጀምሮ ከመቶ ተማሪዎች 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወስና ነበር። በኋላ ግን፥ በ2019 የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት እንደ ገና ሲመለስ፥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ እንዲሁም የአመክንዮ ትምህርት ለሳይንስ ተማሪዎችም ጭምር ተሰጠ። ይህም አንዱ ትምህርት ሌላውን የሚያግዝ እንጂ የሚያባርር እንዳልሆነ ያስረዳል።

ነገር ግን የሚሰጠው ትምህርት ራሱ ከአገሩ ሕይወት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ኋላ በጁባ ዩኒቬርሲቲ ያስተማረው ደራሲ ታባን ሎ ሊዮንግ በ1968 በናይሮቢ ሳለ ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከሄንሪ ኦዉር አንዩምባ ጋር ሆኖ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ቀርቶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና የቃል ትውፊት መካከለኛውን ስፍራ እንዲይዝ ጠይቆ ነበር። የባዕዱን ብቻ አጥንቶ የአያቱን ቃል መስማት የማይችል ምሩቅ፥ በአቢዬ ዓይነት ጉባኤ ፊት የሽማግሌ ምስክርነት ሊመዝን አይችልም።

እንግዲህ ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም የመሬት ክርክር ሲቀርብለት ከፊቱ ያለው ሥራ የታሪክ ሥራ ነው። ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ጋር ውል የሚፈርም ነጋዴም የአንዲት ቃል ዋጋ ከዕቃው ዋጋ እንደማያንስ ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ታሪክና ቋንቋ ልማር ሲለው፥ አባት «ምን ይረባሃል?» ከማለት ይልቅ «በደንብ ትማረዋለህን?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በደንብ ያልተማረ ሐኪም እንደሚገድል ሁሉ፥ በደንብ ያልተነበበ ውልም አገርን ያስከፍላልና።