የወደቀው መኮንን ስም የት ተጽፏል?

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በየአድባራቱ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ዕውቀታቸውን የሚያስመሰክሩት በዚያ ነው። ድጓ በዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ቅደም ተከተል የተደራጀ በመሆኑ፣ ተማሪው ቃሉን ከነዜማው፣ ዜማውንም ከነቀኑ ያጠናል። በግምት የሚመሰክር የለም። ሕዝባችን ማስታወስን ከስሜት አውጥቶ ሥርዓትና ሥራ ያደረገው ከጥንት ጀምሮ መሆኑን ይህ ያረጋግጣል።

በጦርነት የወደቁትን ስናስታውስ ግን ይህን ሥርዓት እንዘነጋለን። «ጀግኖቻችን» ብለን በጅምላ እናልፋለን።

አንድ ተጨባጭ ሁኔታ እንመልከት። መጋቢት 21 ቀን 1999 ዓ.ም. በሞቃዲሾ በተካሄደው ከባድ ውጊያ አንድ የኢትዮጵያ ሚ-24 ሄሊኮፕተር በሚሳይል ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት የበረራ ባልደረቦችም ሞቱ። ወሬው በዓለም ተሰራጨ። ዛሬ ስለ ሄሊኮፕተሩ ዓይነት የሚናገር አይጠፋም፤ የሰዎቹን ስም የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን?

የሄሊኮፕተር መኮንን ሥራ ምን እንደሚመስል መገንዘብ ያስፈልጋል። በሚ-24 ተኳሹ ከፊት፣ አብራሪው ከኋላው ከፍ ብሎ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ በስተኋላ ያለው ክፍል ስምንት ወታደሮች ወይም በቃሬዛ የተኙ አራት ቁስለኞች ይይዛል። ከተዋጊ ጄት ይልቅ ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ ስለሚበር ከምድር ለሚተኮስበት ሁሉ የተጋለጠ ነው። እንደ ጄት አብራሪውን ከነወንበሩ አስፈንጥሮ የሚያወጣ መሣሪያም የለውም። በ1970 ዓ.ም. ሄሊኮፕተሮች ጦርና ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በተራሮች ላይ አሻግረው ከጠላት ጀርባ ባያሳርፉ ኖሮ፣ የካቲት 26 የምንዘክረው የካራማራ ድል በሌላ መንገድ፣ በብዙ ተጨማሪ ደም በተገኘ ነበር።

ይሁንና መኮንኑ ብቻውን አይበርም። ሞተሩን የፈተሸው መካኒክ፣ ነዳጁን የሞላው፣ ጥይቱን የጫነው ሠራተኛ ሁሉ በዚያ በረራ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ መታሰቢያ ማዕረግን እየመረጠ የሚከበር ከሆነ ግማሽ እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ወደ ሶማሊያ የተደረገው ዘመቻ አከራካሪ ነበር፤ ዛሬም ያከራክራል። በሀገር ውስጥ የተካሄዱት ጦርነቶችማ፣ ወንድም በወንድም ላይ የተኮሰባቸው በመሆናቸው፣ ክርክራቸው ይበልጥ ይመራል። የእኛ አቋም ግልጽ ነው። የወታደሩን መሥዋዕትነት እያወደሱ «ለምን ተላከ?» የሚለውን ጥያቄ ማፈን ስህተት ነው። ጥያቄውን ሰበብ አድርጎ የሞተውን ሰው መካድም እንዲሁ ስህተት ነው። ልጇን ያጣች እናት ሐዘኗ የፖለቲካ ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። እንዲያውም የሟቾች ስም አንድ በአንድ ሲጻፍ የጦርነት ዋጋ በግልጽ ይታያል፤ የሚልከውም አካል ከመላኩ በፊት ደግሞ እንዲያስብ ይገደዳል።

በመሆኑም በየቀበሌው፣ በየዕድሩና በየሥራ ቦታው የሚገኙ ወገኖች አንድ ተግባር ይጠብቃቸዋል። ከሰፈራቸው ወጥተው በጦር ሜዳ የቀሩትን፣ ቤተሰባቸውን አስፈቅደው፣ በመዝገብ ያስፍሩ፤ ስማቸውን፣ ሙያቸውን፣ የወደቁበትን ቀንና ቦታ። መኮንኑንም ተራ ወታደሩንም በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከቤተሰቡ የታወቀውን ብቻ እንጂ ለማሳመር የተጨመረውን አይመዝግቡ።

የቤተ ልሔም መምህራን የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው። የሚታወሰው በትክክል የተያዘው ነው፤ የሚያዘውም ሰው ተቀምጦ ሲጽፈውና ሲያጠናው ነው። ብዕሩም መዝገቡም በእጃችን ነው።