ተጨማሪ መረጃ፦ ድምፁ ወይስ ሣጥኑ?
ቦታ ራሱ እንደሚያስፈራ የአዳማ ባለጋሪ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ፈረሱ አንድ ቀን ሲኖትራክ ያስደነገጠው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ቀስሮ ይገተራል። መኪናው ዛሬ የለም፤ ግድግዳውና ጥላው ግን አሉ።

በቤተ ሙከራም ይኸው ይታያል፦ አይጥ ሣጥን ውስጥ ድምፅ ትሰማለች፤ ወዲያው ኤሌክትሪክ እግሯን ይነዝራታል። በማግስቱ እዚያው ሣጥን ስትገባ ድምፁ ባይኖርም ደርቃ ትቀራለች። የግድግዳው መልክ፣ ብርሃኑ፣ ወለሉና ሽታው ከተለወጡ ግን ሣጥኑን የምትፈራው እምብዛም ነው።

ተመራማሪዎቹ ፊሊፕስና ለዱ በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍሏ የተጎዳ አይጥ ድምፁን ትፈራለች፤ ሣጥኑን አትፈራም። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍሏ የተጎዳባት ግን ሁለቱም አያስፈሯትም።