የኮሶ አበባ ካንሰርን ይገድላል? ተረትና እውነታ

ተረት፦ «የኮሶ አበባ የካንሰር ሴል እንደሚገድል በሳይንስ ተረጋግጧል፤ አሁን መጠጣት ነው።»

እውነታ፦ ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። ኮሲን የሚባሉት የሴቴ ኮሶ አበባ ውህዶች እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ከአይጥ አንጀት በተገኙ የካንሰር ሴሎች ላይ ተሞክረዋል። ግን እንዲህ ያለ ሙከራ ምን ይመስላል?

የተለመደው ዘዴ ይህ ነው። 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳሕን ላይ ሴሎች ይራባሉ፤ በየጉድጓዱ የተለያየ መጠን ያለው ውህድ ይጨመራል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ማቅለሚያ ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተ ሴል አይለውጠውም። መሣሪያ ቀለሙን ያነብና ሴሎቹን በግማሽ ለመቀነስ ምን ያህል ውህድ እንዳስፈለገ ይሰላል። አለቀ። ሳሕኑ ላይ ጨጓራ የለም፣ ጉበት የለም፣ ደም አይዘዋወርም። በረኪናም ብትጨምሩበት የካንሰሩ ሴል ይሞታል! ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ያንኑ ውህድ ለጤነኛ ሴልም ይሰጣል። ሁለቱን እኩል ከፈጀ፣ ያገኘው ነገር መድኃኒት ለመባል ገና ብዙ ይቀረዋል። እኔ እንዲህ ያለ ዜና ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ውጤት ነው፤ ብዙ ጊዜ አትጻፍም።

ተረት፦ «አባቶቻችን ሲጠጡት ኖረዋል፤ አይጎዳም።»

እውነታ፦ የጠጡት ለኮሶ ትል ነው፤ ያውም አልፎ አልፎ። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት ደርሷል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር የሚጠጣው ማንኛውም ዕፅ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ተረት፦ «የአገራችንን ዕፅ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

እውነታ፦ ታይቷል። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን ተክል አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን እና ባልደረቦቹ ሜይታንሲን የተባለ ውህድ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተሙ። ሳሕን ላይ እጅግ ኃይለኛ ነበር፤ ሴል እንዳይከፋፈል ያግዳል። በሰው ሲሞከር ግን ጨጓራና ነርቭ እየጎዳ አስቸገረና ተተወ። ዓመታት አልፈው የእሱ ተዋጽኦ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ፣ በቀጥታ ወደ ካንሰሩ ሴል የሚሄድ መድኃኒት ሆነ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ፈቀደችው። በደም ሥር ይሰጣል፤ ያውም ኸር2 የተባለው ፕሮቲን ለበዛበት ዓይነት ብቻ።