ማሽኑ ውሃ አልሞላ ሲል

ልብሱ ገብቷል፣ ኦሞው ተጨምሯል፣ ማስነሻው ተጫኗል። ማሽኑ ግን መብራቱን አብርቶ ዝም ይላል፤ ወይም ጥቂት ደቂቃ «ዝዝዝ» ሲል ቆይቶ የስህተት ምልክት ያወጣና ይቆማል። በሳምሰንግ ላይ 4ሲ፣ በቆዩት ሞዴሎቹ ደግሞ 4ኢ፣ በኤልጂ ላይ አይኢ የሚሉት ምልክቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ብጠብቅ ብጠብቅ ውሃ አልመጣልኝም።

ይህን ያየ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ «ቦርዱ ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ቤተሰቡ በሮቶ በሚኖርበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ግን ማሽኑን ከመጠርጠር በፊት ውሃውን መጠርጠር ይሻላል። ምክንያቱን ለመረዳት ከማሽኑ ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ይህች ዕቃ የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ናት። ከቧንቧ የሚመጣው ጎማ የሚታሰረው እሷ ላይ ነው። አካሏ ፕላስቲክ ሲሆን በላይዋ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅል አለ። ማሽኑ ውሃ ሲፈልግ ወደ ጥቅሉ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና አንዲት ትንሽ ብረት ወደ ላይ ይስባል። ይህች ብረት የምትከፍተው ግን ዋናውን የውሃ መንገድ ሳይሆን አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ዋናውን መንገድ የዘጋው ከሥር ያለው ስስ ጎሚኒ ነው። ቫልቩ ዝግ ሳለ ከላዩ የተጠራቀመው ውሃ ጎሚኒውን ተጭኖ ይይዘዋል። ጠባቧ ቀዳዳ ስትከፈት የላዩ ውሃ ያመልጣል፤ ያኔ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ጎሚኒውን ከሥር ገፍቶ ያነሳውና ይገባል። ኤሌክትሪኩ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ በሩን የሚከፍተው ውሃው ራሱ ነው። ውሃው ጉልበት ከሌለው ኤሌክትሪኩ ሥራውን ቢሠራም በሩ በወጉ አይከፈትም።

ምን ያህል ጉልበት? ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ ስለዚህ 0.5 ባር ለማግኘት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ጣሪያው ላይ ሮቶ የተቀመጠበትን ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እናስብ። ምድር ቤት ያለው ማሽን በላዩ ከ10 ሜትር በላይ ውሃ ስላለ ያለችግር ይሞላል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለው ግን ከሮቶው የሚለየው 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ውሃ፣ በዚያው ዓይነት ማሽን፣ የስህተት ምልክት ያወጣል። መፍትሔው ግፊት የሚጨምር ፓምፕ መግጠም ወይም ለአነስተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ ማስቀየር ነው። ቦርድ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ግፊቱን ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። የውሃውን መክፈቻ ዘግተው ጎማውን ከማሽኑ ይፍቱ፣ ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። በደቂቃ 8 ሊትር ገደማ ከወረደ ውሃው ደህና ነው። ቀጭን ሆኖ ከመጣ ግን ማሽኑን አይውቀሱ፤ መጀመሪያ ጎማው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዳልታጠፈ ይዩ።

ውሃው ደህና ሆኖ ማሽኑ ካልሞላ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ወንፊቱ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ጎማው የተፈታበትን ቀዳዳ ቢመለከቱ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ወንፊት ያገኛሉ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ከአሮጌ የብረት ቧንቧ ዝገት፣ ከሮቶ ሥር ደግሞ አሸዋና ደለል ይዞ ይመጣል፤ የሚያርፈውም እዚህ ነው። መሐሉ ላይ ያለውን ጉጥ በፒንሳ ይዘው በቀስታ ይሳቡት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው ይመልሱት። አውጥተው እንዳይጥሉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎሚኒው ሥር ከገባች ቫልቩ መዝጋት ያቅተውና ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ ይገባል።

ወንፊቱም ንጹሕ ከሆነ ጆሮ ይጠቀሙ። ማሽኑ ሲነሳ ከጀርባው የ«ዝዝዝ» ድምፅ ከተሰማ ለቫልቩ ኤሌክትሪክ ደርሷል፤ ችግሩ ውሃው ወይም ጎሚኒው ላይ ነው። ድምፅ ከሌለ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው በሩ ነው፤ ከፊት የሚከፈት ማሽን የበሩ ቁልፍ «ቀጭ» ብሎ ካልተቆለፈ ውሃ አያስገባም። ሁለተኛው የውሃውን ከፍታ የሚለካው ቀጭን ቱቦ ነው። ብርጭቆ ገልብጠው ውሃ ውስጥ ቢደፍቁ አየሩ እንደሚታፈን፣ ውሃው ሲሞላ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና «በቃ» ይላል። ቱቦው በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነ የታፈነው አየር ስለማይወጣ ባዶው ማሽን የሞላ ይመስለዋል። ሦስተኛው የቫልቩ ጥቅል መቃጠሉ ነው፤ ይህን ቴክኒሺያን በቴስተር ይለየዋል።

ከላይ የሚከፈት ባለ ሁለት መግቢያ ማሽን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የሙቅ ውሃው መግቢያ ምንም ሳይታሰርበት ምርጫው «ሙቅ» ላይ ከሆነ የማይመጣ ውሃ ሲጠብቅ ይውላል፤ «ቀዝቃዛ» ላይ ማድረግ ይበቃል። ውሃ እየገባ የማይጠራቀም ከሆነ ደግሞ የቆሻሻ ውሃ ማስወጫውን ጎማ ይዩ። ጫፉ ወለል ላይ ከተጣለ የገባው ሁሉ በዚያው ይፈስሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት።

ቴክኒሺያን ከመጥራት በፊት የምትቀር አንዲት ሙከራ አለች። ማሽኑ ውሃ በሚጠብቅበት ሰዓት በሳሙና ማስገቢያው በኩል ቀስ እያሉ ውሃ ይጨምሩ። በአብዛኞቹ ማሽኖች ውሃው ልኩ ላይ ሲደርስ ልብሱ መዞር ይጀምራል። ከዞረ በሩም፣ መለኪያ ቱቦውም፣ ሞተሩም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ የቀረው ዋና ጥርጣሬ ከቧንቧው እስከ ቫልቩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ለሚመጣው ባለሙያ ይህንኑ ይንገሩት፤ የባልዲውን ውጤትና ድምፅ መኖር አለመኖሩንም ይጨምሩለት። ያንን ሰምቶ ገና በሩ ላይ ሳለ «ቦርድ ነው» የሚል ካለ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።