ነዳጅ የሚያፈስ ታንክ እና ከአምራቾች የደኅንነት ጥሪ ውጪ የሚሆኑ ተሽከርካሪዎች፦ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከሚንቀሳቀሱ የቤት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በሌላ አገር ለተወሰኑ ዓመታት አገልግለው የገቡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ቀደም ሲል የገቡት ለረጅም ጊዜ በአገልግሎት ላይ እንደሚቆዩ ይጠበቃል። ተሽከርካሪ እያረጀ ሲሄድ የነዳጅ ታንኩ ይዝጋል፣ የጎማ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ማሰሪያዎቹም ይላላሉ።

የነዳጅ ፍሳሽ ያየ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህ ሞዴል ሪኮል አለው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «የለውም» የሚል መልስ ሲገኝ ተሽከርካሪው ከአደጋ ነጻ እንደሆነ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። የጥሪ ዝርዝር በዋነኛነት የሚወስነው ጥገናውን ማን በነጻ እንደሚሠራ እንጂ የፈሰሰ ቤንዚን ይቀጣጠል ወይም አይቀጣጠል እንደሆነ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ተሽከርካሪዎች ከጥሪ ውጪ የሚሆኑባቸውን ምክንያቶች፣ የማጣሪያ መንገዶችን እንዲሁም ፍሳሽ ሲያጋጥም መወሰድ ያለባቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

የደኅንነት ጥሪ ምንነት

የደኅንነት ጥሪ ማለት አንድ አምራች በተሽከርካሪው ንድፍ ወይም አሠራር ላይ ለሕይወት አስጊ የሆነ ጉድለት መኖሩ ሲታወቅ ለባለንብረቶች አሳውቆ ጉድለቱን ያለ ክፍያ የሚያስተካክልበት ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ሥርዓቱን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የንግድ ሚኒስቴር፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ የኢኮኖሚና የቱሪዝም ሚኒስቴር የየአገራቸውን የጥሪ ማስታወቂያዎች ያወጣሉ።

የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው በዚያው አገር መዝገብ ላይ ለሚገኘው ባለንብረት ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪው ተሽጦ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ባለንብረት ደብዳቤው ሳይደርሰው ይቀራል። ባለንብረቱ ራሱ ካላጣራ በቀር ጉድለቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል።

ከጥሪ ውጪ የመሆን ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የሞዴልና የምርት ዘመን ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ1993 እስከ 2004 የተመረቱ ጂፕ ግራንድ ቸሮኪ እና ከ2002 እስከ 2007 የተመረቱ ጂፕ ሊበርቲ፣ በድምሩ 2.7 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎች እንዲጠሩ ክራይስለርን ጠየቀ። ምክንያቱም የነዳጅ ታንኩ ከኋላ አክስል በስተኋላ መገኘቱ ከኋላ ግጭት ሲደርስ ለፍሳሽና ለእሳት የሚያጋልጥ መሆኑ ነበር። ኩባንያው በመጨረሻ በጥሪ ያካተተው 1.56 ሚሊዮን ያህሉን ሲሆን፣ ከ1999 እስከ 2004 የተመረቱት ግራንድ ቸሮኪዎች ከጥሪው ወጥተው በተለየ የደንበኞች አገልግሎት ዘመቻ እንዲስተናገዱ ተደርጓል። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ታንክም የሚገኘው ከኋላ አክስል በስተኋላ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የአካባቢ ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፎርድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፒክአፖችን ጠርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ኤፍ-150 የተሰኙ ነበሩ። የነዳጅ ታንኩን ከታች የሚይዙት የብረት ማሰሪያዎች በበረዶ ወቅት በመንገድ ላይ በሚረጨው ጨው ዝገው ሊበጠሱ፣ ታንኩም ወርዶ ነዳጅ ሊያፈስ እንደሚችል ተደርሶበት ነበር። ጥሪው የተወሰነው ጨው በብዛት ጥቅም ላይ በሚውልባቸው ክፍላተ ግዛት ለሚገኙ ተሽከርካሪዎች ነው። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል፤ አንድ መኪና ለዓመታት ጨው በተረጨበት መንገድ ከተነዳ በኋላ በረዶ ወደሌለበት አገር ቢሸጥም ዝገቱ አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛው የዕድሜ ገደብ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አምራቹ ጥገናውን በነጻ የመሥራት ግዴታ ያለበት ተሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ጥሪው እስከተነገረበት ቀን ድረስ 15 ዓመት ካልሞላ ነው። የዝገት ችግር የሚብሰው ግን ተሽከርካሪው ካረጀ በኋላ ነው።

አራተኛው የገበያ ገደብ ነው። አንድ ዓይነት ስምና መልክ ያላቸው ሁለት መኪናዎች፣ አንዱ ለአሜሪካ ሌላው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ተመርተው ከሆነ፣ በተለያየ ዝርዝር ይያዛሉ። ከዚህም በላይ የነጻ ጥገና ግዴታው የሚመነጨው ከየአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ በአሜሪካ የተነገረ ጥሪ በሌላ አገር የሚገኝ ወኪልን በራሱ አያስገድድም።

አምስተኛው የፍሳሹ መንስኤ ነው። ጥሪ የሚመለከተው ከፋብሪካ የመጣን ጉድለት ነው። በግጭት የተጎዳ፣ ድንጋይ የመታው፣ በእርጅና የዛገ ወይም ከፋብሪካው ውጪ የተቀየረ ታንክ በጥሪ አይሸፈንም።

በሻንሲ ቁጥር ማጣራት

የማጣራቱ ሥራ የሚጀምረው ከሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ፣ በተሽከርካሪው አካል ላይ፣ በብዙ ሞዴሎችም ከፊት መስታወቱ ሥር በአሽከርካሪው በኩል ይገኛል። ሦስቱ የማይመሳሰሉ ከሆነ ጉዳዩ ከጥሪ በፊት ሌላ ማጣራት የሚያስፈልገው ነው። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። ኦ፣ አይ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ኦ የሚመስለው ዜሮ፣ አይ የሚመስለው ደግሞ አንድ ነው። ሲገለበጥ በዚህ የሚፈጠር ስሕተት ፍለጋውን ውጤት አልባ ያደርገዋል።

የቁጥሩ የመጀመሪያ ምልክት የሚያመለክተው ተሽከርካሪው የተሠራበትን አገር እንጂ የተሸጠበትን ገበያ አይደለም። በጃፓን የተሠራ መኪና ለአሜሪካም ለባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተሽጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የማስገቢያ ሰነዱን ተመልክቶ ከየት አገር እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል።

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ በሻንሲ ቁጥር ነጻ ፍለጋ እንዲካሄድ ያደርጋል። የፍለጋው ውጤት ግን ገደብ አለው። ለሌሎች አገሮች ገበያ የተመረቱ ተሽከርካሪዎችን፣ በመደበኛነት ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸውን ጥሪዎች፣ የደንበኞች አገልግሎት ዘመቻዎችን እንዲሁም በቅርቡ ተነግረው የሻንሲ ቁጥራቸው ገና ያልተለየላቸውን ጥሪዎች አያሳይም። ስለሆነም «ክፍት ጥሪ አልተገኘም» የሚለው መልስ መነበብ ያለበት ከእነዚህ ገደቦች ጋር ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የአምራቹን ወኪል በጽሑፍ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይመከራል።

ፍሳሽን መለየት

ቤንዚን በፍጥነት ስለሚተን ከመኪና ሥር የሚተወው እርጥበት ቶሎ ይጠፋል፤ ሽታው ግን ይቆያል። ናፍጣ ቅባታማ ምልክት ትቶ ለረጅም ጊዜ ይታያል። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠብ ውኃ ሽታም ቅባትም የለውም። ሽታው የሚመጣው ታንኩ ሲሞላ ብቻ ከሆነ ችግሩ በታንኩ የላይኛው ክፍል፣ ማለትም በፖምፓው ጓርኒሲዮን ወይም በመሙያው ቱቦ ላይ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚታይ ፍሳሽ ደግሞ ግፊት ባለባቸው ቱቦዎች ላይ ያለን ክፍተት ያመለክታል።

ጥቂት ጠብታ ነው ብሎ ማቃለል ተገቢ አይደለም። የአሜሪካ የነዳጅ ሥርዓት ደኅንነት ደረጃ በግጭት ሙከራ ወቅት እንኳ ተሽከርካሪው ከቆመ በኋላ ባሉት 5 ደቂቃዎች ውስጥ ከ142 ግራም በላይ ነዳጅ እንዲፈስ አይፈቅድም። ይህም ከአንድ የውኃ ብርጭቆ አይበልጥም። ቆሞ የሚያፈስ መኪና ይህን መጠን በአንድ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል።

ፍሳሽ ሲታይ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተንሳፎ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይሄዳል። በግቢ ውስጥ ከቆመ መኪና የወጣ ትነት ራቅ ብሎ መሬት ላይ ወደተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም፦

1. ተሽከርካሪው በጉዞ ላይ ከሆነ ከሰው፣ ከቤትና ከነዳጅ ማደያ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ ቆሞ ሞተሩ መጥፋት፣ ተሳፋሪዎችም ወርደው መራቅ ይኖርባቸዋል።

2. የቆመ ተሽከርካሪ ከሆነ ሞተሩን ማስነሣትም ሆነ የኤሌክትሪክ ማብሪያ መነካካት አይገባም። በአካባቢው ያለ ምድጃ፣ ሲጋራና ማንኛውም እሳት መጥፋት አለበት።

3. የፈሰሰውን ነዳጅ በውኃ አጥቦ ወደ ቦይ መልቀቅ እሳቱን ወደ ጎረቤት ማሻገር ሊሆን ይችላል። አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር በላዩ መበተን የተሻለ ነው።

4. ተሽከርካሪው ወደ ጋራዥ መወሰድ ያለበት ተጭኖ እንጂ እየተነዳ አይደለም።

5. እሳት ከተነሣ በውኃ ለማጥፋት መሞከር ነዳጁን ሊያሰራጨው ይችላል። ለነዳጅ እሳት የሚሆነው የዱቄት ማጥፊያ ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ጥሪ በ939 ይቀርባል።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ባይቀጣጠልም በጋለ ማርሚታ ላይ ከፈሰሰ ሊነድ ስለሚችል፣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በጋራዥ ውስጥ ስለሚደረግ ጥገና

በሳሙና ወይም በማጣበቂያ የሚደረግ ድፈና ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥ እስኪወሰድ ድረስ ፍሳሹን ሊቀንስ ይችል ይሆናል እንጂ ጥገና ተብሎ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የብየዳ ሥራ ነው። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ያነሰ አደጋ አለው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነው። በባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነዳጅ ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ በአንድ የእሳት ፍንጣቂ ይፈነዳል። ስለዚህ ከተሽከርካሪው ያልወረደ፣ ነዳጁ ያልተቀዳና ውስጡ በሚገባ ያልጸዳ ታንክ መበየድ የለበትም። የፕላስቲክ ታንክ ወይም ዝገቱ የሰፋ የብረት ታንክ ከመጠገን ይልቅ መቀየር ይኖርበታል። ከሌላ መኪና የተፈታ ታንክ የሚገዛ ባለንብረትም ስፌቱን፣ የማሰሪያ ቦታዎቹንና የውስጥ ዝገቱን ሳያስመረምር ባይገዛ ይመረጣል።

በሻጭ ላይ ያለ መብት

ከጥሪ ውጪ መሆን ባለንብረቱን ከማንኛውም መብት ውጪ አያደርገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ገዢው ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ሳይዘገይ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ከነጋዴ የተገዛ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘትና በግዢው ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያውቃል። አቤቱታው ማስረጃ እንዲኖረው ፍሳሹ የታየበትን ቀን መመዝገብ፣ ታንኩ ከመጠገኑ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከጋራዡ መንስኤውን የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበልና ደረሰኞችን መያዝ ያስፈልጋል።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው ተሽከርካሪው በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ከወራት በኋላ ማፍሰስ ቢጀምር ቦሎው ለመንዳት ምክንያት አይሆንም። ባለንብረቶች በዘይት ቅያሪ ወቅት መኪናው ክሪክ ላይ ወይም ጉድጓድ ላይ ሳለ መካኒኩ የታንኩን ማሰሪያዎች፣ ስፌቱንና ቱቦዎቹን አብሮ እንዲመለከት ቢያደርጉ፣ ፍሳሹ ከመጀመሩ በፊት ዝገቱ ሊታይ ይችላል።