ከተማዋን ያተረፈው ቁጠባ ካዝናዋን አራቆተ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የኬፕታውን ከተማ አስተዳደር ነዋሪዎቹን የለመነው ልመና ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ነው። የሚሸጥላቸውን ውሃ እንዳይገዙት ነበር የለመናቸው። ነዋሪው ሰማ፣ ከተማዋም ከመድረቅ ዳነች፤ የውሃ ገቢዋ ግን አብሮ ወረደ። ስለዚያ ዓመት ሲወራ የሚነሳው ከተማዋ እንዴት እንደዳነች ነው። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ግን ትልቁ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የቁጠባውን ሒሳብ ማን ይክፈል?

ኬፕታውን ያኔ 4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ውሃዋን ታገኝ የነበረው በዝናብ ከሚሞሉ ግድቦች ነው። ስድስቱ ዋና ዋና ግድቦች ሲሞሉ 900 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ይይዛሉ፤ ከዚህ ከግማሽ በላዩ ያለው ቲዋተርስክሉፍ በሚባለው በአንዱ ግድብ ውስጥ ነው። ከ2015 እስከ 2017 ሦስት ክረምት በተከታታይ ዝናብ ሲያጥር የቲዋተርስክሉፍ ወለል ተሰነጣጠቀ፣ ውሃው የዋጣቸው የዛፍ ጉቶዎችም ከአሸዋው ብቅ አሉ። አስተዳደሩ ግድቦቹ 13.5 በመቶ ላይ ሲደርሱ የአብዛኛውን ቤት ቧንቧ እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ተሰልፎ በቀን 25 ሊትር እንደሚወስድ አስታወቀ። 25 ሊትር ማለት አንድ ጀሪካን ነው፤ ለመጠጥም፣ ለማብሰያም፣ ለገላም። ያን ቀን “ዴይ ዜሮ” አሉት።

ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው የተፈቀደው በቀን 50 ሊትር ብቻ ሆነ። ብዙ የሚጠቀም ሰው የሚከፍለው ታሪፍ አሻቀበ፣ ከልክ ያለፉ ቤቶች ቆጣሪ ላይም ውሃውን የሚገታ መሣሪያ ተገጠመ። ከሁሉም ያነጋገረው ግን አስተዳደሩ በኢንተርኔት የለቀቀው ካርታ ነው። በወር ከ6,000 ሊትር በታች የተጠቀመ ቤት ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ፣ ከዚያ እስከ 10,500 ሊትር የተጠቀመ ደግሞ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ይደረግለት ነበር። ነጥብ የሌለው ቤት ባለቤት ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት ያፍር ነበር። ይሉኝታ እንደ ፖሊሲ መሣሪያ ሲሠራ ያየሁት እዚያ ነው፤ ወጪውም ከቅጣትና ከክትትል ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ውጤቱ አስደናቂ ነው። በ2015 በበጋ በቀን 1.2 ቢሊዮን ሊትር ይደርስ የነበረው ፍጆታ በ2018 መጀመሪያ ወደ 500 ሚሊዮን ተጠጋ። የግሩንላንድ አርሶ አደሮች ማኅበርም ከራሱ ግድብ 10 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ለከተማዋ ለቀቀ። በአፕሪል ይመጣል የተባለው ዴይ ዜሮ ወር በወር እየተገፋ ሄደ፤ ዝናቡ ሲመለስም ነገሩ ቀረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የውሃ አገልግሎት ወጪ በአብዛኛው ውሃ ተሸጠም አልተሸጠም የማይቀንስ ነው። ግድቡ፣ ማጣሪያው፣ በየመንገዱ ሥር የተቀበረው ቧንቧ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የብድሩ ወለድ፤ አንዱም ነዋሪው ገላውን በሁለት ደቂቃ ስለታጠበ አይረክስም። ገቢው ግን በሊትር ነው። ሽያጩ በግማሽ ሲወርድ ወጪው ባለበት ቆሞ ገቢው ብቻ ይወድቃል። ጉድለቱን ለመሙላት ዋጋ ሲጨምሩ ደግሞ የቆጠበው ሰው “ታዘዝኩ፣ ቆጠብኩ፣ አሁን ስለቆጠብኩ ትቀጡኛላችሁ?” ይላል። ይህን ቅሬታ በቀመር መመለስ አይቻልም፤ ሰውየው እውነቱን ነው።

ከዚህ የከፋው ጉዳት ብዙም ያልተነገረለት ነው። የኬፕታውን ታሪፍ እንደ ብዙ ከተሞች ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነበር። ሰፊ ግቢና መዋኛ ገንዳ ያለው ሀብታም በውድ እየገዛ፣ ትንሽ ለሚጠቀመው ድሃ ይደጉማል። እስከ 2017 አጋማሽ ድረስ በወር የመጀመሪያው 6,000 ሊትር ለሁሉም ቤት ነጻ ነበር። ድርቁ ሲመጣ ሀብታሙ ምን አደረገ? በግቢው ጉድጓድ አስቆፈረ፣ የጣሪያውን ውሃ የሚያጠራቅምበት ታንከር ገዛ። ከቀውሱ ወጣ፤ ሲወጣ ግን ድጎማውንም ይዞ ወጣ። ዝናቡ ተመልሶ ግድቦቹ በ2020 ቢሞሉም ለጉድጓዱ ገንዘብ ያወጣ ሰው ጉድጓዱን ደፍኖ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደንበኝነት አይመለስም። ከተማዋ በድርቁ ለዘለቄታው ያጣችው ከውሃው ይልቅ ጥሩ ከፋይ ደንበኞቿን ነው።

አስተዳደሩ ይህን ቀድሞ አይቶት ነበር። በ2017 መጨረሻ በንብረት ዋጋ ላይ የተመሠረተ የድርቅ ክፍያ ለማስከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተቃውሞ ሲጎርፍበት በጃንዋሪ 2018 አነሳው። በዚያው ዓመት ጁላይ በምትኩ በቧንቧው ስፋት ልክ የሚሰላ ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ መጣ። ሰፋ ያለ ቧንቧ የተገጠመለት ጡረተኛ እንደ ባለሀብቱ መክፈሉ ፍትሐዊ አልነበረም። በ2025 ደግሞ ቋሚ ክፍያው ከንብረት ዋጋ ጋር ተያያዘ። ያ በ2018 ተጣለ የተባለ ሐሳብ ከሰባት ዓመት በኋላ በሌላ በር ገባ ማለት ነው፤ ይህም ወደ ፍርድ ቤት ክርክር አምርቷል። በሰላሙ ጊዜ ያልተነገረ ሒሳብ በችግር ጊዜ ሲመጣ ዘረፋ ይመስላል።

ከንቲባዋ ፓትሪሺያ ዴ ሊል የከፈሉት ዋጋም ቀላል አይደለም። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2018 የውሃውን ቀውስ የመምራት ሥልጣን ከእጃቸው ወስዶ ለምክትላቸው ለኢያን ኒልሰን ሰጠ፤ በኦክቶበር መጨረሻም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከፓርቲያቸው ጋር የነበራቸው ጠብ ከውሃው የሰፋ ነበር። ከንቲባዋ ግን አብዛኛው ነዋሪ አይቆጥብም ብለው በአደባባይ መውቀሳቸውን እኔ ትክክል ነበር አልልም። በደሳሳ ሠፈሮች ከጋራ ቧንቧ የሚቀዳው ሕዝብ ከከተማዋ ውሃ የሚወስደው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እሱ ምን ይቆጥብ?

ለወደፊቱ ከተማዋ በ2019 ያወጣችው ስትራቴጂ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በቀን 300 ሚሊዮን ሊትር ተጨማሪ ውሃ ከከርሰ ምድር፣ ከታከመ ፍሳሽና ከባሕር ለማግኘት ያቅዳል። በድርቁ ወቅት በችኮላ የተተከሉት ሦስት ጊዜያዊ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች በጠቅላላው የሚያመርቱት በቀን 16 ሚሊዮን ሊትር ያህል ስለነበር ለፎቶ ካልሆነ በቀር የሚያኮሩ አልነበሩም። ርካሹ መፍትሔ ያለው ተራራው ላይ ነው። በግድቦቹ ተፋሰስ የተስፋፉት ጥድ፣ ግራርና ባሕር ዛፍን የመሳሰሉ መጤ ዛፎች በዓመት 55 ቢሊዮን ሊትር ያህል ውሃ እንደሚመጥጡ ተሰልቶ ምንጠራው ተጀምሯል። እንጦጦን ለሚያውቅ አንባቢ ባሕር ዛፍ ምን ያህል እንደሚጠጣ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አዲስ አበባ እንደ ኬፕታውን በግድብ ብቻ የምትኖር አይደለችም፤ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ በተጨማሪ የአቃቂ ጉድጓዶች አሏት። ይሁን እንጂ የውሃ ፈረቃው ለብዙ ሠፈር ዴይ ዜሮን የሳምንት ፕሮግራም አድርጎታል፤ አቅም ያለው ሰውም እዚህም ሮቶ ይሰቅላል፣ በቦቴ ያስቀዳል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል። እኛም ታሪፋችን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። ትልቁ ከፋይ ሲወጣ የትንሹ ድጎማ ከየት እንደሚመጣ የከተማው ምክር ቤትና የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ ዛሬውኑ፣ ግድቦቹ ሳይጎድሉ፣ ቁጥሩን አስቀምጠው ለነዋሪው ይንገሩት። ቢሉ ላይም የቧንቧውና የግድቡ ቋሚ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ የውሃው ዋጋ ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ።