ሦስቱ ጓደኛሞችና የቤንዚን ማደያው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ሴፕቴምበር 14 ቀን 1930 ዓ.ም. የጀርመን ሕዝብ እንደራሴዎቹን ሲመርጥ፣ ቀድሞ 12 መቀመጫ ብቻ የነበረው የሂትለር ወገን 107 መቀመጫ አገኘ። በማግስቱ በርሊን ውስጥ ግሎርያ ፓላስት በተባለው ሲኒማ ቤት «የቤንዚን ማደያው ሦስት ሰዎች» የተሰኘ፣ ፍቅርን ከዜማና ከሣቅ ጋር ያዋሐደ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት፣ ነጋዴውም በኪሳራ በሚያለቅስበት በዚያ የመከራ ዘመን፣ በወቅቱ ከታዩት የጀርመን ፊልሞች ሁሉ የላቀ ገቢ ያገኘው ይኸው ፊልም ሆነ። ሕዝቡ የወደደው ችግሩን ስላስረሳው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ያንኑ ችግር አደባባይ አውጥቶ ስላዘፈነው ነው እላለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቪሊ፣ ኩርትና ሃንስ የተባሉ ሦስት ባለጸጋ ወጣቶች በመኪናቸው ሆነው ስለ ወዳጅነት እየዘፈኑ ከሽርሽር ሲመለሱ፣ ገንዘባቸውን ያኖሩበት ባንክ ከስሮ፣ የፍርድ አስፈጻሚው በቤታቸው ዕቃ ላይ ማኅተሙን እየለጠፈ ይደርሱበታል። በማኅተሙ ላይ የተቀረጸውን የመንግሥት ንስር ሕዝቡ በፌዝ «ኩኩ» በተባለች ሌላ ወፍ ስም ይጠራው ነበር። በዚያ ወራት ስንት ቤተ ሰብ ይህን ማኅተም በገዛ ጓዳው አይቶ አንገቱን ደፍቶ ይሆን! በፊልሙ ግን ሦስቱ ወጣቶች አስፈጻሚውን ከበው እየዘፈኑ ሲለማመጡት፣ ዕቃውም በዜማው ምት ከቤት ሲወጣ፣ ተመልካቹ በሚያስፈራው ሹም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሥቃል። ሹሙን ሆኖ የተጫወተው ፌሊክስ ብሬሳርት ፊቱ ትካዜ የተመላ ስለ ሆነ፣ ዕዳ ተቀባዩ ከባለዕዳዎቹ ይልቅ የሚያሳዝን ይመስላል።

የቀረቻቸውን መኪና ሸጠው የቤንዚን ማደያ ይከፍቱና ስሙን «ኩኩ» ብለው፣ ተራ ገብተው ይሠራሉ። ቤንዚን ልትቀዳ የመጣችውን ሊሊያን የተባለች የሀብታም ልጅ እያንዳንዳቸው በየተራቸው አግኝተው፣ ሌሎቹ የሚያፈቅሩት እርሷኑ መሆኑን ሳያውቁ ይወዷታል። የእርሷ ልብ ከቪሊ ጋር ነው። ምስጢሩ ሲገለጥ ወዳጅነታቸው ሊፈርስ ይደርሳል፤ ሀብታሙ አባቷ ግን ሦስቱን በኩባንያ ሥራ ያስገባቸዋል፤ እርሷም በዚያው ጸሐፊ ትሆናለች፤ በመጨረሻም ቪሊ ከሥራ የሚለቅበትን ደብዳቤ ሲያስጽፋት፣ ልጅቱ በጽሕፈት መኪናዋ የጋብቻ ውል ጽፋ ታስፈርመዋለች።

ድምፅ ያለው ፊልም በጀርመን ገና አዲስ ነበር፤ ኡፋ የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሲል በኖይባበልስበርግ በመስቀል ቅርጽ አራት አዳራሾችን የሠራው በ1929 ነው። ካሜራው በጩኸቱ ምክንያት ታፍኖ፣ ተዋናዩም በማይክሮፎኑ አጠገብ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይነጋገር በነበረበት ጊዜ፣ አዘጋጁ ቪልሄልም ቲለና የዜማው ደራሲ ቬርነር ሪቻርድ ሃይማን ንግግሩ ሳይታወቅ ወደ ዜማ፣ እርምጃውም ወደ ጭፈራ እንዲገባ አደረጉ። ስለ ሲኒማ የጻፈው ሊቅ ዚግፍሪድ ክራካወር በ1947 በታተመው መጽሐፉ ፊልሙን የቀን ሕልም አድርጎ ተመለከተው። ፍርዱ ከንቱ አይደለም፤ ከሰማይ ወርዶ ድሆችን የሚያድን ሀብታም አባት በየቤቱ አይገኝምና። ሆኖም ይህ ሕልም የሚጀምረው ከንጉሥ እልፍኝ ሳይሆን ከታሸገ ዕቃ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚያው ጊዜ የተሠራው የፈረንሳይኛ ቅጂም ፓሪስ ላይ ተወደደ፤ ልጅቱን ሆና የተጫወተችው፣ በሎንዶን የተወለደችው ሊሊያን ሃርቪ በሁለቱም ቋንቋ ራሷ ተጫውታለችና።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ኀዘን መጻፍ አልችልም። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ፣ ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በአይሁድነታቸው ተሳደዱ፤ ፕሮዲዩሰሩ ኤሪክ ፖመር፣ ቲለ፣ ሃይማን፣ ብሬሳርት፣ ከሦስቱ ወዳጆች አንዱን የተጫወተው ኦስካር ካርልቫይስም አገር ለቀው ሄዱ። ጠበቃውን ሆኖ የተጫወተው ኩርት ጌሮን ግን ኔዘርላንድስ ላይ ተይዞ በ1944 በአውሽቪትስ ተገደለ። ፊልሙ ራሱ በ1937 ታገደ። ሌሎቹን ሁለት ወዳጆች የተጫወቱት ሃይንዝ ሩማንና ቪሊ ፍሪች በአገራቸው ቀርተው ዝናቸው ሲጨምር፣ ያ የሦስት ወዳጆች መዝሙር ከሲኒማ ቤቶች ተባረረ። ሥራው ያልተለየው ሃይማን በአሜሪካ «ኒኖችካ» ለተባለው ፊልም ዜማ ሠራ፤ ብሬሳርትም በዚያው ፊልም ተጫውቷል።

በ1955 ታሪኩ በቀለም ዳግመኛ ሲሠራ፣ ቀድሞ ሙሽራ የነበረው ፍሪች አሁን የልጅቱ አባት ሆኖ ቀረበ። ቀለሙ ያማረ ነው፤ የ1930ውን ያህል ግን አይነዝርም፤ በዚያ ጊዜ ጀርመን በልጽጋ የፍርድ አስፈጻሚው ማኅተም ማንንም አያስደነግጥም ነበርና። ጀርመንኛ የማያውቅ አንባቢም ጥቁርና ነጩን ለማየት ዕድል ቢያገኝ፣ ሦስቱ ወጣቶች ከባዶው ቤታቸው የሚሰናበቱበትን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።